እንግዶቹ ከመኪና ያልወረዱበት ጠዋት

ይህን ታሪክ ስናገር ሰዎች መጀመሪያ ላይ ይስቃሉ። ይሳቁ፣ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ። ወደ መጨረሻው ስደርስ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እኔም ውኃ አምጡልኝ እላለሁ። እናንተ እንደ ፈለጋችሁ ሁኑ፣ እኔ እንደሆነው ልንገራችሁ።

ሰብለ እባላለሁ። ያን ጊዜ ሠላሳዎቹን የጀመርኩ፣ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ የምሠራ፣ ነገር ቶሎ የማይዋጥልኝ ሴት ነበርኩ። ባለቤቴ ዳዊት የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ውሸት የማይችልበት ሰው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ውሸት አይችልበትም። ቶሮንቶ እንደገባን ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር ካሉት ፎቆች አንዱ ላይ ተከራየንና ብዙ ዓመት ኖርን።

እዚያ ፎቅ ላይ ብቻን መሆን የሚባል ነገር አልነበረም። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ በራችንን አያንኳኩም፣ ይከፍቱታል። “ሰብልዬ፣ ሽንኩርት አለሽ?” ይላሉ። ሽንኩርቱን ስሰጣቸው ይዘው አይሄዱም፤ እዚያው ወጥ ቤቴ ቁጭ ብለው ይልጡታል፣ እየላጡም ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደቀረ ይነግሩኛል። ከሥራ ደክሞኝ ስመለስ ሊፍት ውስጥ የገባ ሁሉ የእናቴን ጤና ይጠይቀኛል። ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይገባል። ኧረ ሰው ሰለቸኝ! አንድ ቀን ለዳዊት “እባክህ ማንም የማያውቀኝ ቦታ ውሰደኝ” አልኩት። የዋሁ ባለቤቴ ቃሌን እውነት አድርጎ ያዘው። ያለንን አሰባስበን፣ ባንክ ለምነን ቤት ገዛን።

የገባንባትን ከተማ ስሟን አልጠራም፤ ጎረቤቶቼ አሁንም እዚያው ናቸው፣ ክፉ ሰዎችም አይደሉም። ከቶሮንቶ ዳር፣ ከኢቶቢኮ፣ ወደ ምዕራብ ጥቂት ነድተው አውራ ጎዳናውን ሲለቁ የምትገኝ ትንሽ የሀብታም ከተማ ናት። መግቢያዋ ላይ በአበባ የተከበበ ትልቅ ድንጋይ አለ፣ ስሟ በወርቃማ ፊደል የተቀረጸበት። ዋና መንገዷ አንድ ነው። አይብ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ለውሻ ብስኩት የሚጋግር ቤት አለ፣ ማርያምን አልዋሽም፣ ለውሻ! ቀጥሎ ኩሬ፤ የኩሬው ዳክዬዎች መንገድ ሲሻገሩ መኪና እንዲቆምላቸው ምልክት ተተክሎላቸዋል። ለሰው የእግረኛ መንገድ የለም፤ ማን በእግሩ ይሄዳል? ልብስ ውጭ ማስጣት ነውር ነው። ሳሩን ሳያጭድ የቆየ ሰው ከማዘጋጃ ቤት ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። ሌሊት መኪና መንገድ ላይ ማሳደር ክልክል ነው። በየምሰሶው ላይ ደግሞ ትልቅ ዓይን የተሣለበት ምልክት ተለጥፏል፤ እዚህ ጎረቤት ለጎረቤቱ ንቁ ነው፣ አጠራጣሪ ነገር ካየ ለፖሊስ ይደውላል ማለት ነው።

ከፊት ለፊታችን ዶረቲ የምትባል ጡረታ የወጣች መምህርት ትኖራለች፣ ባሏ የሞተባት። የገባን ሰሞን የሎሚ ኬክ በሳህን አመጣችልን። ሳህኑን ባዶውን መመለስ ነውር መስሎ ታየኝና ድፎ ዳቦ ቆርሼበት መለስኩላት። በሳምንቱ ሳህኑ ብስኩት ተሞልቶ መጣ። ሳምቡሳ ሞልቼ መለስኩት። አሁንም ሌላ ኬክ። እሷም ግራ ገብቷታል፣ እኔም ግራ ገብቶኛል፣ ማን እንደሚያቆመው አናውቅም። በመጨረሻ “ሰብለ፣ እባክሽ ሳህኑ ያንቺ ይሁን” አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሰላምታችን ከሩቅ እጅ ማውለብለብ ብቻ ሆነ።

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጸጥታው እንደ ማር ጣፈጠኝ። እትዬ አልማዝ አንድ ጊዜ ሊጠይቁን መጥተው በመስኮት ወዲያና ወዲህ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ሰዉ የት ሄደ? ሰፈሩ ሐዘን ላይ ነው እንዴ?” ብለውኛል። እስኪያመኝ ሳቅኩባቸው።

አሁን ስለ እናትና አባቴ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ነበሩ፣ ሁለቱ ብቻቸውን። እናቴን ስኳርና ልብ አንድ ላይ ይዘዋታል። ሆስፒታል ትገባለች፣ ትወጣለች፣ እንደገና ትገባለች። ስልኬ በማይሆን ሰዓት ከጮኸ “እማዬ!” ብዬ ነው የምነሣው። አባቴ ግን ብረት ነበር። ዕድሜውን ሁሉ በቅየሳ ሥራ በረሃ ለበረሃ ሲዞር የኖረ፣ ጡረታ ወጥቶም በየማለዳው ካልተራመደ ቀኑ የማይነጋለት። እሑድ እሑድ ስደውል ስልኩን የሚያነሣው እሱ ነው፤ ገና ሃሎ ሳይል “እማዬ እንዴት ናት?” እለዋለሁ።

“ደህና ናት። እኔንም አንድ ቀን ጠይቂኝ እንጂ! አለሁ እኮ!” ይለኛል እየሳቀ።

“አንተማ ምን ትሆናለህ፣ እሷን አቅርብልኝ።”

“ይኸው፣ እኔንማ ማን ይጠይቀኛል!” ብሎ ስልኩን ለእናቴ ያቀብላል። በየእሑዱ ይህችው ነበረች ጨዋታችን።

ታዲያ አንድ የኅዳር ሰሞን፣ ሐሙስ ማታ ከሥራ ስመለስ ዳዊት ቀድሞኝ ቤት ገብቷል። ቀድሞኝ ገብቶ አያውቅም። ኮቴን ተቀብሎ ሰቀለልኝ። ቀጥሎ “ስልክሽን አምጪማ፣ አፕዴት ላድርግልሽ” አለና ወሰደው። ጥቂት ቆይቼ ስጠይቀው “ስክሪኑ አልበራ አለ፣ ነገ አሠራዋለሁ” አለኝ። ኮምፒውተሬን ስከፍት ኢንተርኔት የለም። የቤቱን ስልክ ሳነሳ ድምፅ የለውም።

“አንተ! ለመላው ካናዳ ኢንተርኔት እያስተካከልክ የራስህን ቤት ማስተካከል አቃተህ?”

“መስመሩ ነው፣ ከውጭ ነው፣ ይመጣሉ” አለ፣ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ።

በማግስቱ ዓርብ ባሰበት። ከሥራ ስመጣ ጥብስ ሠርቶ፣ ጠረጴዛ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። “ብዪ” ይለኛል። ስበላ “ጨምሪ” ይለኛል። ያጎርሰኛል። ቀና ስል ዓይኑ ዕንባ ሞልቷል። “ምነው?” ስለው “ሽንኩርቱ ነው” አለኝ፤ ሽንኩርቱ ከተቁላላ ቆይቷል!

“ነገ ሥራ አትገቢም፣ ለክሊኒኩ ደውዬልሻለሁ” አለ ቀጥሎ።

“ማን ደውል አለህ?”

“ትንሽ ዕረፊ ብዬ ነው።”

እዚህ ላይ ሹካዬን አስቀመጥኩ። “ዳዊት፣ ሌላ ሴት አለች?”

“ኧረ በማርያም፣ ሰብለ!”

“ከሥራ አባረሩህ?”

“አላባረሩኝም።”

“ታዲያ ምን ሆነሃል? እማዬ ደህና ናት? ስልክህን ስጠኝ፣ ልደውልላት።”

“እናትሽ ደህና ናቸው” አለኝ፣ በቀጥታ ዓይኔን እያየ። “ነገ ሁሉንም እነግርሻለሁ። አሁን ብዪልኝ፣ በሞቴ።”

ዓይኔን እያየ ስለተናገረ አመንኩት። ደግሞም ወዲያው ተጠራጠርኩት። እናንተ አሁን “እንዴት አልገባሽም?” ትሉኛላችሁ። ገብቶኝማ ነበር፣ መጥቶልኝ አባረርኩት። መርዶ ጄን ኤንድ ፊንች ነው የሚመጣው። ሊፍት በተበላሸበት ፎቅ ላይ ሽማግሌዎች በማለዳ እያለከለኩ ሲወጡ፣ ኮሪደሩ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ሲያዳምጥ ነው የማውቀው። ዳክዬ መኪና በሚያስቆምበት አገር መርዶ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

ጎህ ሲቀድ ዳዊት ጃኬቱን ሲለብስ ነቃሁ። “ወተት ልግዛ” ብሎኝ ወጣ። ተነሥቼ ፍሪጁን ብከፍት ወተቱ ሙሉ ነው። ቆሜ አየሁት። ሌላ ሴት ናት አልኩ፣ በቃ፣ ሌላ ሴት ናት። ንዴቴ ሲነሣ ፍርሃቴ ትንሽ ቀለለልኝ፣ ስለዚህ ንዴቱን አጥብቄ ያዝኩት።

ከዚያ መጋረጃውን ገለጥ ባደርግ መንገዱ ዳር መኪና ቆሟል። ከኋላው ሌላ። ከዚያም ኋላ አንድ ቫን። ሞተራቸው ጠፍቷል፤ መስኮታቸው በትንፋሽ ደብዝዟል፤ ውስጣቸው ግን ሰው አለ፣ ጥላው ይንቀሳቀሳል። ማንም አይወርድም። በዚያ መንገድ ላይ ያለ ግብዣ ሁለት መኪና ቆሞ አይቼ አላውቅም። ጎህ ሲቀድ ደግሞ፣ በኅዳር ብርድ! ሌቦች ናቸው ብዬ መብራቱን አጠፋሁ። ስልክ የለኝም። ባል የለኝም። ቢላዋ ይዤ ወጥ ቤት ውስጥ ቆምኩ። ያን የእኔ ነው ብዬ ስኮራበት የነበረውን ጸጥታ፣ ብጮህ ማን ይሰማኛል ብዬ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

ጥቂት ቆይቶ የፖሊስ መኪና መጣ። እፎይ! አንድ ወጣት ፖሊስ ወርዶ ከመኪና ወደ መኪና እየሄደ መስኮት ያንኳኳል፣ ጎንበስ ብሎ ያነጋግራል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እንደገና ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በመጨረሻ የእኔን በር አንኳኳ።

“ይቅርታ፣ ማም። አንድ ጎረቤት ቤትዎን የሚሰልሉ ሰዎች አሉ ብሎ ደውሎ ነው። እነሱ ግን ወዳጆችዎ ነን ይላሉ። ያውቋቸዋል?”

“እኔ የማውቀው ሰው በዚህ ሰዓት አይመጣም” አልኩት።

“የፊተኛው መኪና ሽማግሌ ቁርስ ተጋብዘን ነው አሉኝ። የሁለተኛው ልደት ነው አለኝ። ቫኑ ደግሞ ዕቃ ልናመላልስ ነው አለኝ።” ማስታወሻውን ዘጋ። “እውነቱን ልንገርዎት፣ ግራ ገብቶኛል።”

ጋቢ ደርቤ፣ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ፖሊሱ ከጎኔ። ወደ ፊተኛው መኪና ስቀርብ መስኮቱ ወረደ፤ ጋሼ ወርቁ!

ጋሼ ወርቁ ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። በደርግ ዘመን ተሰደው ከመጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ፣ የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ቶሮንቶ ውስጥ የሰው ዘመድ ሲሞት ሰብስበው፣ ቀድመው ገብተው የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ቢያቅፉኝ ደስ ይለኛል። በማለዳ በቤቴ ደጃፍ ማየት ግን ራሱ ወሬ ነው። ክው አልኩ።

“ጋሼ ወርቁ? ምነው በደህና?”

“ደህና ነን ልጄ፣ እንደምን አደርሽ? እንዲያው በዚህ ስናልፍ…” አሉ። መንገዳችን መጨረሻው የተዘጋ ነው። በዚያ የሚያልፍ ሰው የለም።

“ቁርስ ነው ያሉት?” አልኳቸው።

“አዎ፣ ዳዊት ነው የጋበዘን። ብርድ ነው፣ ልጄ፣ ግቢ። እሱ ሲመጣ እንገባለን።”

ከኋላ ወንበር እትዬ አልማዝ ጎንበስ ብለው ተደብቀዋል። አዎ፣ ትልቅ ሴትዮ ሊደበቁኝ ሞከሩ። ሳያቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገታቸው ላይ። ሐዘን ቤት ሲኬድ እንደሚለበሰው።

የመኪናውን በር ያዝኩ። “ማነው?” አልኩ። “እትዬ አልማዝ፣ ማነው የሞተው?”

“ምንም የለም፣ ሰብልዬ፣ ግቢ…” ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። ዳዊት ቄሱን ሊያመጣ ከተማ ሄዷል። ቄሱ ሳይመጡ፣ ሁሉም ሰው ተሰብስቦ ሳይገባ፣ ሴቶች ግራና ቀኜን ሳይዙኝ፣ መርዶ አይነገርም። ይህ ሥርዓታችን ነው። እነሱም ሥርዓቱን ጠብቀው፣ እኔ እንዳልነቃ መብራትና ሞተር አጥፍተው፣ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ይጠብቃሉ። ፖሊሱ ሲጠይቃቸው ለእኔ እንዳይወራ ብለው እያንዳንዳቸው አፋቸው ላይ የመጣውን ዋሹት። ለዚያች ከተማ ግን መብራት አጥፍቶ ከቤት ፊት ለፊት የሚቀመጥና ቃሉ የማይገጥም ሰው አንድ ስም ብቻ ነው ያለው።

ፖሊሱ እኔን ያያል፣ እነሱን ያያል። ሴትዮዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ሰዎቹ አይመልሱም። እጁን ወደ ወገቡ ሲያስጠጋ አየሁና ደነገጥኩ።

“ምንድን ነው የሚሉዎት? እያስፈራሩዎት ነው?” አለኝ።

“አይደለም! አንነግርሽም ብለውኝ ነው!”

“ምኑን?”

“እሱን አይደል እንዴ አንነግርሽም ያሉኝ!”

በቃ፣ ጋሼ ወርቁን ከመኪና እንዲወርዱ ጠየቃቸውና ወደ ፖሊስ መኪናው ጥግ ወሰዳቸው። ሽማግሌው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲነግሩት አያለሁ። ቃሉ አይሰማኝም። የፖሊሱን ፊት ግን አያለሁ። መጀመሪያ ግንባሩ ተፈታ፤ ቀጥሎ አንገቱን ደፋ፤ ባርኔጣውን አወለቀ። ልጅ ነው፣ ገና ጢም በወጉ ያላበቀለ። ሽማግሌውን ትከሻቸውን ነካ አድርጎ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ጋሼ ወርቁ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሲገባቸው “ኖ! ኖ! ሺ ዳዝ ኖት…” እያሉ ከኋላው ሮጡ፣ አልደረሱበትም።

“ማም፣ በደረሰብዎት ሐዘን ከልቤ አዝናለሁ” አለኝ። አስተዳደጉ መልካም ነው፤ እናቱ ያሳደገችው ልጅ ነው።

እኔ እንደማላውቅ እሱ አላወቀም። እኛ አገር የሟቹ ቤተሰብ መጨረሻ የሚሰማ መሆኑን በምን ይወቅ?

“እማዬን!” ብዬ ጮኽኩ። “እማዬን! እማዬን!” መኪና መግቢያችን ላይ ተዘረፈጥኩ። ፊቴን ስነጭ ሴቶቹ ከቫኑ እየዘለሉ ወርደው እጄን ያዙ። በዚያች ከተማ እንደዚያ ያለ ጩኸት ተሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። በየቤቱ መብራት በራ። ዶረቲ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች በሯ ላይ ወጣች። እኔ እናቴን እየጠራሁ ነው፣ የት ጥለሽኝ ሄድሽ እያልኩ፣ ሆስፒታል ስትገባ ያልመጣሁላትን እየዘረዘርኩ።

አንድ ነገር ግን አልገጥም አለኝ። ለቅሶ ላይ ሰው አብሮ ያለቅሳል። እነሱ ግን ያዙኝ እንጂ አላለቀሱም። ቀና ስል እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። እትዬ አልማዝ ለጋሼ ወርቁ በዓይናቸው የሆነ ነገር ይሏቸዋል፣ ጋሼ ወርቁ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ፖሊሱም ግራ ገብቶት ከአንዱ ወደ ሌላው ያያል።

በመጨረሻ ጋሼ ወርቁ አልቻሉም። አጠገቤ አስፋልቱ ላይ ተንበርክከው “ልጄ፣ እናትሽ ደህና ናቸው” አሉኝ።

“ምን?”

“ደህና ናቸው። ትናንት በስልክ አነጋግረናቸዋል። በሕይወት አሉ።”

“በማርያም ይበሉኝ!”

“በማርያም።”

እና እኔ ምን አልኩ? “ተመስገን!” አልኩ። “ተመስገን ጌታዬ! ተመስገን!” እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። ሳቅኩ። የጋሼ ወርቁን ጉልበት ሳምኩ። የፖሊሱን እጅ ይዤ “እናቴ አለች፣ አልሞተችም!” አልኩት በእንግሊዝኛ፣ እሱም ሳያውቅ ፈገግ አለልኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እናቴ አለች! ሁሉም ስሕተት ነው፣ ቁርስ ነው፣ ልደት ነው፣ ዕቃ ማመላለስ ነው!

ማንም አብሮኝ አልሳቀም።

የዳዊት መኪና ያን ጊዜ ነው የታጠፈው። ቄሱ ከጎኑ ተቀምጠዋል። ፖሊሱን፣ የተሰበሰበውን ሰው፣ መሬት ላይ ተቀምጬ የምስቀውን እኔን አየና በሩን ሳይዘጋ ወረደ። “ነገራችኋት?” አለ። ሳቄ ፊቴ ላይ እንዳለ ወደ እሱ ዞርኩ። ማታ “እናትሽ ደህና ናቸው” ሲለኝ ዓይኔን ያየው እውነት ስለነበረ ነው። ውሸት አይችልበትም ብያችሁ የለ?

“አባዬ?” አልኩት።

ዳዊት ከጎኔ ቁጭ ብሎ አቀፈኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቆራርጬ ነው የማስታውሰው። ጋሼ ወርቁ “መርዶ ሜዳ ላይ አይሆንም፣ ይዛችሁ ግቡ” ሲሉ አስታውሳለሁ። ሳሎን አስገብተው፣ ፊቴን በውኃ አጥበው፣ ፍራሽ አንጥፈው አስቀመጡኝ። እትዬ አልማዝ በቀኜ፣ ሌላ ሴት በግራዬ ያዙኝ። ቄሱ ጸለዩ። ከዚያ ጋሼ ወርቁ ፊቴ ቆመው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ምንም እንደማላውቅ፣ ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ። “ልጄ ሰብለ፣ ጠንክሪ። አባትሽ አቶ ተሰማ ረቡዕ ማለዳ እንደ ልማዳቸው በእግራቸው ወጡ። ሲመለሱ ደጃፍ ላይ ትንሽ አረፍ ልበል ብለው ተቀመጡ። እዚያው ዐረፉ። አልታመሙም፣ አልተሠቃዩም። በወግ በማዕረግ ተቀብረዋል።” እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ያለቀሰው። ያን ጊዜ ነው እኔም ለአባቴ ያለቀስኩት። ውጭ ያለቀስኩት የሌላ ሰው ዕንባ ነበር።

በሩ ክፍት ነበር። ዶረቲ የሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ፣ ቦት ጫማ አድርጋ ገባች። ፊቷ ነጭ ሆኗል። “ሰብለ፣ የደወልኩት እኔ ነኝ። ሊዘርፉሽ መስሎኝ…” ብላ ዕንባዋ ወረደ። እትዬ አልማዝ እንግሊዝኛው አልገባቸውም፤ የገባቸው አንዲት አሮጊት ልታለቅስ መምጣቷን ነው። “ነይ እናቴ፣ እግዜር ይስጥሽ” ብለው እጇን ስበው አጠገቤ አስቀመጧት። ምስኪኗ ዶረቲ ለቅሶ ቤት መቼ እንደሚነሡ አላወቀችምና እስከ እኩለ ቀን ተቀመጠች። ሰው ሲያለቅስ ታለቅሳለች፣ ንፍሮ ሲሰጧት ትበላለች። ስትነሣ “ባሌ ሲሞት የመጣው ሰው አበባ አስቀምጦ ነው የሄደው” አለችኝ።

ለሦስት ቀን መንገዱ ከዳር እስከ ዳር መኪና ነበር፣ ሌሊትም ሳይቀር። አንድም ቅጣት አልተለጠፈም። ያ ልጅ ይሆን ነገሩን ያስተካከለው፣ ሌላ ሰው ይሆን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ መልሱ እንደ ጥያቄው ቀጥ ያለ አይደለም። በዚያ ፖሊስ ልናደድ እሞክራለሁ፣ አልችልም። በዶረቲም አልችልም። በዳዊትና በጋሼ ወርቁማ በምን አፌ። ሁሉም ለእኔ ሲጨነቁ ነበር፣ ሁሉም በየሥርዓታቸው። ቤቱን አልሸጥንም፤ ጸጥታው ግን እንደ ድሮው አልጣፈጠኝም። አሁን እትዬ አልማዝ ሲመጡ አይደውሉም፣ እኔም በሩን አልቆልፍም።

የሚያንገበግበኝ ያቺ “ተመስገን” ናት። አባቴ ከተቀበረ በሁለተኛው ቀን፣ በሰው ፊት፣ እጄን ዘርግቼ፣ እየሳቅኩ! ባለማወቅሽ ነው ብለው ሁሉም ያጽናኑኛል። አውቃለሁ፣ ባለማወቄ ነው። ሆድ ግን ይህ አይገባውም።

ሐዘኑ በረድ ሲል ለእናቴ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው እሷ ናት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ “እኔን የጨነቀኝ ምን ነበር መሰለሽ፣ ስትሰሚ እኔን መስሎሽ እንዳትደነግጪ ነው። በደህና ነው ያረዱሽ?” አለችኝ።

“በደህና ነው” ልል ነበር። አልወጣ አለኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ፖሊሱን፣ ጩኸቴን፣ “ተመስገን” ማለቴን ሳይቀር። ስልኩ ዝም አለ። መስመሩ ተቋረጠ ብዬ “እማዬ? እማዬ?” ስል፣ ድምፅ ሰማሁ። እየሳቀች ነው። እያለቀሰች ትስቃለች።

“አባትሽ ቢሰማ እኮ በሳቅ ይሞት ነበር” አለችኝ። “‘አላልኩሽም? እኔንማ ማን ይጠይቀኛል!’ ይል ነበር።”

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ስደውል የእናቴን ስኳር፣ የእናቴን ልብ፣ የእናቴን መድኃኒት አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ደግሞ፣ ሁለታችንም እንደምናውቀው፣ አንዲት ነገር እጨምራለሁ።

“አባዬስ እንዴት ነው?”

“ደህና ነው” ትለኛለች። “ጠይቃሃለች ብዬ እነግረዋለሁ።”